ካሳዬ የቀነሳቸው አሥራ ሁለት ዓመታት

ካሳዬ ወልደጊዮርጊስን «ጋሼ» ብሎ የጠራ ሰው ያን ቀን ሰላምታ አያገኝም። ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ሰፈር ይህን የማያውቅ አልነበረም። ጎረምሶቹ «አንተ» ይሉታል። «አንተ ካሳዬ፣ ጎል ጠብቅ እንጂ!» ብለው ይጮኹበታል፤ እሱም ፊቱ ይፈካል። ሰው ሲጮኹበት እንዴት ፊቱ ይፈካል ያላችሁ እንደሆነ ነገሩ ወዲህ ነው፤ ካሳዬ በመዝገብ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፣ በእውነት ግን ስድሳ ሁለት ሞልቶታል።

አሥራ ሁለቱን ዓመታት የቀነሰው በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ቅጽ ተሞላ፣ ቀበሌም ነዋሪውን መዘገበ። ካሳዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል አውጪና አስገቢ ነበርና ቁጥር በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ አሳምሮ ያውቃል። ሃምሳ አምስት የሞላው ሁሉ ጡረታ ሲወጣ ፋይሉን ወደ ጓዳ የሚያስገባው እሱ ነዋ! የራሱ ተራ ሊደርስ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ቅጹ ላይ «ዕድሜ» ከሚለው ቃል ፊት ሲደርስ ግራ ቀኝ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አርባ ሁለት ብሎ ጻፈ። ቡልጋ ሲወለድ የልደት ቀኑን የጻፈለት የለ። የሚያውቁት እግዜርና ክርስትና ያነሱት ቄስ ናቸው፤ ቄሱ ካረፉ ቆይተዋል፣ እግዜር ደግሞ ቀበሌ አይመጣም ሲል ራሱን አጽናና።

«ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የካሳዬ ሐሰት ግን እያደር ከበደች፣ ቀለብም ጠየቀች። መጀመሪያ ጸጉሩ ከዳው። ገበያ የሚሸጠውን ቀለም መግዛት አፈረና በጥቁር የጫማ ቀለም መቀባት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ሁለት ጫማና አንድ ራስ በአንድ ብሩሽ ይወለወላሉ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ሹም እዚያው ሰፈር ቤት ደረሰውና እሁድ እሁድ ሜዳ ዳር መቆም አመጣ። ካሳዬ ምን ያድርግ? የቀበሌው ወጣቶች ቡድን በረኛ ጎድሎት ነበርና «እኔ አለሁ» አለ። በረኛ አይሮጥም ብሎ እኮ ነው! መውደቅ እንዳለ ትዝ ያለው ከመጀመሪያው ጎል በኋላ ነው። ኳስ በግንባሩ በመለሰ ቁጥር ኳሷ ጥቁር ማኅተም ይዛ ትመለሳለች፤ ልጆቹ ጭቃ ይመስላቸዋል።

ከሁሉ የባሰችው ግን የቀኝ ጉልበቱ ነበረች። ከወደቀበት ሲነሣ «ወይ ጉልበቴ!» የምትል ቃል ከሆዱ ተነሥታ እስከ ጥርሱ ትደርሳለች። የሃምሳ ዓመት ሰው «ወይ ጉልበቴ» አይልም። ስለዚህ ዋጥ ያደርጋታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲውጣት ኖረ።

በሰባ ስድስት፣ በግንቦት መጀመሪያ እሁድ፣ ቀበሌው ለስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሜዳ። ሜዳው በቀበሌው መዝገብ «ለስፖርትና መዝናኛ» ተብሎ የተከለለ ነው። አሁን ግን ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን አሥር ክፍል የጭቃ ቤት እንዲሠራበት ከበላይ በደብዳቤ ሐሳብ መጣ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደቻሳ ሕግ ሲያነብ ጣቱን ከመስመሩ ላይ የማያነሣ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር አነበበና «አስተያየት» አለ።

ካሳዬ አስተያየት ሲባል እጁ በራሷ ትነሣለች። በስብሰባ ሳይናገር የዋለበት ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። ያን ቀን ደግሞ የአስተዳደር ሹሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጎረምሶቹ ከኋላ ተደርድረዋል።

«ጓዶች!» አለ፣ የግራ ጡጫውን አንሥቶ። «ሜዳችንን ተቀምተን እኛ ወጣቶች የት ልንሰለፍ ነው? እኛ ወጣቶች ጉልበት አለን፣ የምናፈስበት መሬት ያስፈልገናል! ሽማግሌ እንደሆነ ሮጦ አይጫወት። ምን ያደርግለታል ሜዳ? ለሽማግሌ የፀሐይ ጥግ ይበቃዋል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «እኛ ወጣቶች» ባለ ቁጥር ጉልበቱ ትንቋቋ ነበር፣ ጭብጨባው ሸፈነለት። የቡድኑ አምበል ሱልጣን «በለው ካሳዬ!» ብሎ አፏጨ። ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከሴቶች ማኅበር ጋር የተቀመጠችው ሚስቱ ፀሐይነሽ ግን አላጨበጨበችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጣራ ጣራ ታይ ነበር። ሰዓቱ ስለ ሄደ ድምፅ አሰጣጡ ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ።

ካሳዬ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ትልቅ ቪላ በር ላይ የሺመቤት ቆማ ጠበቀችው።

የሺመቤትና ካሳዬ የአንድ ቀን ክርስትና ናቸው። ቡልጋ ውስጥ በአንዲት ደብር፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቄስ እጅ ተነሡ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነውና ክርስትና የምትነሣው፣ የሺመቤት በአርባ ቀን ትበልጠዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እትዬ በለኝ፣ ታላቅህ ነኝ» እያለች ስትለምነው ኖራለች። እሱም «የቄሱን ቀሚስ በሽንት ያራስኩት እኔ ነኝ፣ ጀግናው እኔ ነኝ» እያለ እንቢ ብሏታል። ኋላ አዲስ አበባ ገብታ በዚያ ቪላ ወጥ ቤት ሆነች። ባለቤቶቹ አገር ጥለው ሲወጡ፣ ቤቱ ሲወረስ፣ እሷ ሰርቪሱ ውስጥ እንዳለች ቀረች። ባልም ልጅም የላት፤ ዘመድ የምትለው ካሳዬን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ።

«ሰማሽኝ የሺ?» አላት ገና ከሩቅ። «አዳራሹ እንዴት እንደ ተናወጠ አየሽ?»

«አየሁ። አሁን ና የፀሐይ ጥጌን አሳየኝ።»

«የምን ጥግ?»

«ለሽማግሌ የፀሐይ ጥግ ይበቃዋል ያልከው አንተ አይደለህ? የእኔዋ የትኛዋ ናት? ሰኔ ሠላሳ አልጋዬን ተሸክሜ እንድሄድባት።»

ካሳዬ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቪላው ለአንድ መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል፣ ሰርቪሱ ለዕቃ ግምጃ ቤት ተፈልጓል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ልቀቂ የሚል ወረቀት ከመጣላት ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። እንዳይጨነቅ ብላ አልነገረችውም።

«ታዲያ ለሜዳው ቤት አትመዘገቢም?» አላት። እንዲህ ሲል በገዛ ጆሮው ሰማና ደነገጠ፤ ያቺን ቤት ከአንድ ሰዓት በፊት ያፈረሳት እሱ ነው።

«ሄጄ ነበር። ጸሐፊው መዝገቤን ገለጠና ‹እማማ፣ ሃምሳ ዓመትዎ እኮ ነው፣ ገና ወጣት ነዎት› ብሎ ሳቀብኝ። ማን ነበር አርባ ሁለት በይ ያለኝ ካሳዬ?»

እሱ ነበር። በስልሳ ስምንት የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ ሲፈልግ ከአርባ አምስት በላይ አንቀበልም ተባለ። ካሳዬም የራሱን ዓመታት ቀንሶ ገና ሞቅ እንዳለው፣ «አንቺም እንደኔ አሥራ ሁለት ቀንሺ፣ ምን ቸገረሽ» ብሎ መከራት። ሱቁ ውስጥ ስኳር ስትመዝን ኖረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ቢሉ ለእሷ አይሆንም፤ ቆጡንም ብብቷንም ያሳያት ያ መካሪዋ ነው።

«እና አሁን ምን ይሻላል?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ስድሳ መሙላቴን የሚመሰክር ሰው አምጪ ብለውኛል። መወለዴን የሚያውቅ። ከቡልጋ ሰዎች በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።» ነጠላዋን አጣፋች። «እንድትዋሽልኝ አይደለም የምጠይቅህ። አንድ ቀን እውነት እንድትናገር ነው። አላስለመድክም እንጂ።»

ያን ሳምንት ካሳዬ እህል በአፉ አልዞረም። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ሆዴን» ይላል። እውነትም ሆዱን ነበር። ከመሰከረ እኩያዋ መሆኑ ይወጣል፣ ሥራው አለቀለት። አብዮቱን አታለለ ተብሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰው ከዚህ ላነሰ ነገር ይጠየቅ ነበር። ካልመሰከረ የሺመቤት በክረምት መንገድ ላይ ናት። መዝገብ ቤት ፋይል እያቀበለ «አንተ ቂል» ይላል ለራሱ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ሰርቀህ የት አስቀመጥከው? አንዱን ቀን እንኳ አልተጠቀምክበትም፣ በረኛ ስትሆንበት አለቀ።»

ሐሙስ ዕለት ብልጠት መጣለት። ካሳዬ ብልጠት ከመጣለት መፍራት ነው። ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ስለ እሷ ብቻ ሊመሰክር! «የሺመቤት ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አውቃለሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ አለቀ። በዚህ ተደስቶ ያን ማታ ሁለት እንጀራ በላ።

እሁድ ደረሰ። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንጣጣል። ደቻሳ ስለ ሜዳው አስተያየት ሲጠይቅ የካሳዬ እጅ ቀድማ ወጣች። ጎረምሶቹ ገና ሳይናገር አጨበጨቡለት።

«ጓዶች፣ ባለፈው እሁድ እዚህ ቆሞ የተናገረውን ሰውዬ አላውቀውም» አለ ካሳዬ። «አፍ ብቻ ነበር። ሽማግሌ የፀሐይ ጥግ ይበቃዋል አለ፤ ክረምት እንደሚመጣ አላሰበም። ሜዳው ሰፊ ነው። የወንዙ ወገን ግማሹ ለቤቱ ይሁን፣ በወዲያኛው ግማሽ ይጫወቱ። ጎሉም ይቀርባል፣ አግቢ ጠፋ እያላችሁ አይደል የምታለቅሱት?»

ከኋላ ፉጨትና «ከዳተኛ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። ሱልጣን አልጮኸም፤ አፉን ከፍቶ ብቻ አየው። ሴቶቹ ግን አንድ ላይ እጃቸውን አነሡ፣ ከዚያ አባወራዎቹ፣ ከዚያ የአስተዳደር ሹሙን ዓይን እያዩ ሌሎቹ። ግማሹ ሜዳ ለአረጋውያን ቤት ተፈቀደ።

ደቻሳ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ማንበብ ጀመረ። ዘጠኝ ስም አነበበ፣ ዘጠኙም አለፉ። አሥረኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ወይዘሮ የሺመቤት። በመዝገብ ሃምሳ ዓመት። አያሟሉም። ምስክር አለኝ ብለው ነበር።»

ካሳዬ ተነሣ። «እኔ ነኝ ምስክሩ። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አውቃለሁ።» ብሎ ቁጭ አለ። ልክ እንዳሰበው።

«ይነሡ ጓድ ካሳዬ» አለ ደቻሳ። «እንዴት ያውቃሉ?»

«የአገሬ ልጅ ናት።»

ደቻሳ ሌላ መዝገብ ገለጠ፣ ጣቱን አስኬደና አቆመ። «እርስዎ ሃምሳ ዓመትዎ ነው። እሳቸው ስድሳ ሁለት ከሆኑ፣ ሲወለዱ እርስዎ አልነበሩም። እናትዎም አላረገዙዎትም። ያልነበረ ሰው እንዴት ስለ ልደት ይመሰክራል?»

አዳራሹ ሳቀ። ካሳዬ ግን አልሳቀም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲኮራበት የኖረው ወጣትነቱ ይኸው የምስክርነት አፉን ዘጋበት። የሺመቤት ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር፣ መሬት መሬት ታያለች። ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ብታየው፣ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አላየችውም። እንደማይመሰክር አስቀድማ አውቃ ይቅር ብላው የጨረሰች ትመስል ነበር፤ ይህ አንጀቱን በላው።

ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። እጁን ኪሱ ከተተና ፀሐይነሽ ለስብሰባ ብላ ያጠበችለትን ነጭ መሐረብ አወጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ጆሮ ግንዱን በመሐረቡ ፈተገ፣ ፈተገና ከፍ አድርጎ አሳየ። መሐረቡ ከሰል መስሏል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ የጥጥ ያህል የነጣ ጸጉር ብቅ ብሏል።

«የጫማ ቀለም ነው» አለ። «እኔ ሃምሳ አይደለሁም። ስድሳ ሁለት ነኝ። ጣሊያን ሲገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና የሺመቤት ክርስትና የተነሣነው በአንድ ቀን ነው፤ እኔ በአርባዬ፣ እሷ በሰማንያዋ። ቁጠሩት። በአርባ ቀን ትበልጠኛለች። መዝገቧ ላይ ያለውን ውሸት የመከርኳት እኔ ነኝ፤ የእሷ ጥፋት አይደለም። ቤቱን የሚነሣት ካለ የእኔን ዕድሜ ይንሣ።»

በዚያ ዘመን ዝምታ ስብሰባ ላይ ሲወርድ ደግ ነገር አይከተልም ነበር። የአስተዳደር ሹሙ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ያን ጊዜ ፀሐይነሽ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ አለች። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በሠርጋቸው ቀን፣ ሙሽራው ሠላሳ ስድስት ነው ብለው የሰጧት ሴት ናት።

«እውነቱን ነው!» አለች። «ትራሱን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ምጣድ ሥር የጠቆረ ትራስ ሳሽ! ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ብዬ ወገቤ ተቆረጠ!»

አዳራሹ ፈነዳ። በሩ ላይ የቆመው የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳቀ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ደቻሳ ጠረጴዛውን መታ፣ ጸጥ አሰኘ። «ሐሰተኛ ዕድሜ መሙላት ጥፋት ነው» አለ፣ «እስቲ እዚህ ውስጥ ከዕድሜው ያልቀነሰ እጁን ያውጣ።» ማለቱ ሌላውን ሊያሳፍር ነበር። አንድም እጅ አልወጣም። ከጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊ እስክሪብቶውን ማየት ጀመረ። ደቻሳ ራሱ ጸጉሩን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና ቶሎ እጁን አወረደ።

«ምስክርነቱ ተመዝግቧል» አለ። «ወይዘሮዋ ያሟላሉ። የምስክሩ ጉዳይ ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ይገለጻል።»

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ። እስር አልመጣም፣ ተግሣጽና ጡረታ መጣ። የካሳዬን ፋይል ወደ ጓዳ ያስገባው ራሱ ካሳዬ ነው፤ የመጨረሻ ሥራው እሱ ሆነ። አቧራውን እፍ ብሎ ካስቀመጠው በኋላ ትንሽ አለቀሰ። ከሥራው ይልቅ ያሳዘነው ግን ሱልጣን ነበር። በስብሰባው ማግሥት መንገድ ላይ ሲያገኘው ከርቀት ቆመና ራቅ ያለ ሰላምታ ሰጠው፤ «እንደምን አደሩ ጋሼ ካሳዬ» አለ። «አንተ» የምትለዋ ቃል በአንድ ሌሊት ሞተች። ካሳዬ ሰላምታውን መለሰ። ምን ያድርግ።

ቀበሌው ቪላውን ለወሰደው መሥሪያ ቤት ጽፎ የሺመቤትን እስከ ኅዳር ታገሷት። በኅዳር ቤቶቹ ደረቁ፣ ቆርቆሯቸው ተመታ። አራተኛው ክፍል ለእሷ ደረሳት፤ የጓሮ ግድግዳው የቆመው ልክ ካሳዬ ስምንት ዓመት ሲወድቅበት ከኖረው ጎል ላይ ነው። አልጋዋን እሱና ሁለት ሰዎች አደረሱላት። በርጩማዋን ግን ለብቻው ይዞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ደፍ ላይ ቆመ።

«እትዬ» አለ።

ከውስጥ የሚሰማው የመጥረጊያ ድምፅ ቆመ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ የሺ። በርጩማሽን አምጥቼ ነው።»

ወደ በሩ ስትመጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን እንደ ልማዷ ነው። «ስድሳ ሁለት ዓመት ጠበቅኳት እኮ» አለች። «ለአርባ ቀን! ግባ ታናሼ፣ ደፍ ላይ አትቁም።»

ሊገባ ሲል ኳስ መጥታ ግድግዳውን መታችና ከእግሩ ሥር ተንከባለለች። ከወዲያ ሱልጣን «ጋሼ ካሳዬ፣ ኳሷን ያቀብሉን!» ብሎ ተጣራ።

ካሳዬ በርጩማውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ኳሷን በሁለት እጁ አነሣ። ሲቃና ያቺ ቃል እንደ ልማዷ ከሆዱ ተነሥታ ጥርሱ ላይ ደረሰች። ሊውጣት ከንፈሩን ገጠመ፤ ከዚያ የሺመቤትን አየ፣ ልጆቹን አየ።

«ወይ ጉልበቴ!» አለ፣ ሰፈር እስኪሰማ ድረስ።

ኳሷን ወረወረላቸውና ገብቶ ከእትዬው አጠገብ ተቀመጠ።